ጨው በበላው ማሳ ላይ የተከልኳቸው ችካሎች

ችካል በድንጋይ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ አይለቀኝም። ሰበታ እየኖሩ ደግሞ ይህን ድምፅ ማምለጥ አይቻልም፤ ሁልጊዜ የሆነ ሰው የሆነ ቦታ ላይ ቤት ይጀምራል። ጎረቤቴ አጥር ሊያጥር ችካል መምታት ሲጀምር እኔ ቤት ገብቼ ሬዲዮ ከፍ አደርጋለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ እናታችን ድምፅ አትወድም ይላሉ። ምክንያቱን ነግሬያቸው አላውቅም። ለማንም ነግሬ አላውቅም። አሁን የምጽፈውም ድፍረት አግኝቼ ሳይሆን ዝም ማለቱ ስለሰለቸኝ ነው።

የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ሥራዬ ባክቴሪያ ማሳደግ ነው። ይህን ስናገር ሰው በሽታ የምዘራ ይመስለዋል፤ ድሮ አንዷ አከራዬ እጄን በደንብ ሳልታጠብ የግቢውን ቧንቧ እንዳልነካ አስጠንቅቀውኝ ነበር። እኛ የምናሳድጋቸው ግን ለሰው የማይደርሱ፣ ከእህል ሥር ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ ናቸው። በተለይ ጨው የበዛበት መሬት ላይ ይጠቅማሉ። ጨዋማ አፈር ላይ የተዘራ እህል ውሃ እያለ ይጠማል፤ ጨዉ ውሃውን ይዞ አይለቅለትም። ሲጨንቀው ደግሞ ሳያድግ ያረጃል። እነዚያ ባክቴሪያዎች ሥሩ ዙሪያ ዝልግልግ ነገር ያወጣሉ፣ ጨዉን ትንሽ ያርቁለታል፣ ጭንቀቱንም ያበርዱለታል። ጨዉን አያጠፉትም። እህሉ እንዲችለው ያግዙታል፣ በቃ።

ነገሩ የሆነው በማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያዋን ያሉትን ከተሞች፣ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን አብራ ታቅዳለች ተብሎ ገበሬው መሬቴ ሄደ ያለበት፣ ወጣቱ መንገድ የወጣበት፣ ብዙ እናት ያለቀሰችበት ጊዜ። እኔ ሥራዬን ስጀምር ዕቅዱ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነግሮ ነበር። ማን ሊያምን። ቀያሾች ዛሬም ይመጣሉ ይባላል፤ ችካል ይተክላሉ፣ እነሱ ዞር ሲሉ ገበሬው ይነቅላል፣ ተመልሰው ይተክላሉ። ጠዋት ወደ አዲስ አበባ፣ ማታ ወደ ሰበታ በምመላለስበት ሚኒባስ ውስጥ የሚወራው ይኸው ነበር። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ያኔ ገና አላገባሁም። ሰበታ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ብቻዬን ነበር የምኖረው። አለቃዬ አንድ ቀን ጠርቶኝ፣ ቆላ ድረስ ወርደን የምንሞክርበት በጀት የለም፣ አንቺ ሰበታ አይደል የምትኖሪው፣ እዚያው አካባቢ ጨው የነካው ማሳ ፈልጊልን አለኝ። ደጋ ላይ ጨው ከየት ይመጣል ብዬ ልስቅበት ነበር። ቆዳ የሚያለፋ አንድ ፋብሪካ መኖሩን የነገረችኝ አብራኝ የምትሳፈር ሴት ናት። ቆዳ በጨው ታሽቶ ነው የሚመጣው፤ ሲታጠብ ጨዉ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ገበሬው በጋ በጋ በዚያ ወንዝ ጎመንና ድንች ያጠጣል። እንዲህ እየሆነ ዓመት ዓመትን ሲተካ መሬቱ ይነጣል።

ሽማግሌውን ያገኘኋቸው እንዲያ ስዞር ነው። መሬታቸው ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ፣ ወደ ወንዙ የሚያዘቀዝቅ ማሳ ነበር። የካቲት ላይ ሳየው ውርጭ የመታው ይመስል ነበር። ሰው ሁሉ ከስማቸው በፊት ኦቦ ይላቸዋል፤ እኔ ኦቦ ብቻ እያልኩ ለመድኩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያወሩ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ የሚሻገሩ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ነበሩ። የጨው መለኪያዬን ከቦርሳ ሳወጣ እጃቸውን ዘረጉና አስቆሙኝ።

«ቆይ ኢንተላ ኮ፣ ከመሣሪያሽ በፊት ቅመሺው» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ቆንጠር አድርገው አፈሩን ምላሳቸው ላይ ጣል አደረጉት። እኔም ቀመስኩ። ምን ላድርግ፣ ቆመው እያዩኝ።

«እህስ?»

«ጨው ነው» አልኩ።

«በይ እንግዲህ መሣሪያሽን አውጪ፣ ውሸታም መሆን አለመሆኑን እንይ» አሉና ሳቁ። መሣሪያው አልዋሸም።

ከማሳው ዳር፣ ገብስ እምቢ ካለበት ቦታ፣ ሰርዶ አረንጓዴ ሆኖ ተንሰራፍቷል። ሰርዶ ጨው አይበግረውም። ያን ያስቻለው ሥሩ ላይ ያለው ነገር ይሆናል ብዬ ነቅዬ ወሰድኩት፤ ላብራቶሪ ውስጥ ከሥሩ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ለየን፣ ከእነሱ መሃል ጨው ውስጥ ደህና የሚያድግ አንድ አገኘን። ይህን ስነግራቸው ኦቦ እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። ዕድሜዬን ሙሉ እየነቀልኩ የጣልኩትን አረም አስተማሪ አደረግሽው አሉኝ። ባክቴሪያ ምን እንደሆነ ስጠየቅ እርሾ አልኳቸው፤ የአፈር እርሾ። በጣም ወደዱት። ከዚያ በኋላ ስመጣ «እርሾዬ እንዴት ነው?» ነበር ሰላምታቸው።

ሰኔ ላይ ልንዘራ ቀን ቆረጥን። አራት መደብ፤ ሁለቱ እርሾ የሚያገኙ፣ ሁለቱ የማያገኙ። ኦቦ ይህ ነገር ፈጽሞ አልተዋጠላቸውም።

«ለእነዚህኞቹ ለምን ትነፍጊያቸዋለሽ? አንድ መሬት አይደሉም እንዴ?»

«ለማነጻጸር ነው ኦቦ። ሁሉም ካገኙ ልዩነቱ በምን ይታወቃል?»

«ሁለት ልጅ ወልዶ አንዱን ጦም ማሳደር ነው እኮ» አሉኝ። ግን ፈቀዱ። እንግዳ ቤታቸው መጥቶ የጠየቀውን እምቢ ማለት አያውቁበትም ነበር።

ችካሎቹን የገዛሁት ከሰበታ ነው፣ ከአንድ አናጢ። አሥራ ስድስት ያስፈልገኝ ነበር፤ ለየመደቡ ማዕዘን።

«ለምንድን ነው፣ ለቅየሳ?» አለኝ አናጢው።

«መሬት ለመለካት» አልኩት።

«አለልሽ የተዘጋጀ» ብሎ አንድ እስር አወጣልኝ። ጫፋቸው ሹል፣ አናታቸው ቀይ የተቀባ። ቀያሾች እየመጡ ስለሚወስዱ ቀድሞ እየሠራ ያስቀምጣል። ቀለም ከመቀባት ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

የዘራንበት ቀን ጠዋት ሚስታቸው ዘሩን ነቀዝ እንዳይነካው በአመድ አሽተው ጠበቁኝ። አመድ ባክቴሪያዬን ይፈጃል። እንደገና አጥበን ጥላ ውስጥ አሰጣነው። ስኳር በውሃ በጥብጠን ዘሩ ላይ ረጨን፣ ባክቴሪያው ያለበትን ጥቁር ዱቄት ነሰነስንበት፣ እያገላበጥን ለወስነው። ፀሐይ ካገኘው ስለሚሞት በእርጥብ ጆንያ ሸፍነን እየሮጥን ነበር ወደ ማሳው የምናመላልሰው። ሚስታቸው እንዲህ ያለ ዘር ዓይቼ አላውቅም፣ እንደ ሕፃን ፀሐይ የሚፈራ አሉ። ብዙ ሳቅን። እንደዚያን ቀን የሳቅኩበት የሥራ ቀን ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ችካሎቹን አወጣሁ። ኦቦ አንዱን አንስተው አናቱን አገላብጠው አዩት።

«ቀይ መሆን አለበት?» አሉኝ።

«ገብሱ ሲያድግ ከሩቅ እንዲታይ ነው።»

«እሺ» አሉ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ያዙልኝ፣ እኔ በድንጋይ መታሁ። አሥራ ስድስቱንም። ከማሳው በላይ ባለው ጉብታ ላይ ሦስት አራት ጎረቤቶች ቆመው ያዩ ነበር። እጄን አንስቼ ሰላም አልኳቸው። አንዳቸውም እጃቸውን አላነሱም፤ አልሰሙኝም ይሆናል ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ሐምሌ ላይ ስሄድ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እርሾ ያላገኙት መደቦች ቅጠላቸው ከጫፉ ተቃጥሎ ቢጫ ሆኗል፤ በወንዙ ዳር ያለው የጎረቤቶቹም ማሳ እንዲያው ነው። የእኛ ሁለት መደቦች ግን ጥቁር አረንጓዴ ሆነው፣ ግንዳቸው ወፍሮ ቆመዋል። እየዞርኩ ቁመት ስለካ፣ ቅጠል ስቆጥር፣ እንደ ሕፃን ብቻዬን ስስቅ ኦቦ ዳር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። እርሾዬ እንዴት ነው አላሉኝም።

«ኢንተላ ኮ፣ ሰው ሰላም አይለኝም» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀስ ብለው አስረዱኝ። ችካል ሲተከል ታየ። ተካዩ ከከተማ የመጣ ሰው ነው። ባለ መሬቱ ጎንበስ ብሎ ይዞለታል። ስለዚህ ሽማግሌው መሬቱን ሰጥቷል፣ ተስማምቷል፣ ከእሱ ማሳ ተነስተው ወደ እኛ ይቀጥላሉ ተብሏል። ገብሱም ለብቻው ማማሩ ነገሩን አባሰው፤ ለውለታው መድኃኒት ሰጡት አሉ። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ከጎናቸው የተቀመጠው ሰው ተነስቶ ሌላ ቦታ ሄደ። አብረዋቸው ያረጁ ሰዎች ናቸው ይህን ያደረጉት። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ እጃቸው ግን መቋሚያቸውን እያሻሸ ነበር።

«አሁኑኑ እነቅላቸዋለሁ» ብዬ ተነሳሁ።

«ተይ። አሁን ከነቀልሽው ሲታወቅበት ደበቀ ይላሉ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አንቺ ነይና ንገሪያቸው። እኔ ብነግራቸው ለራሱ ነው ይላሉ። ሰው ሁሉ ባለበት ቆመሽ ችካሉ የእኔ ነው፣ እርሾ ለመሞከር ነው በያቸው። ቅዳሜ ሁለት ሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዋርካው ሥር ስብሰባ አለን።»

«ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አጽፌ አመጣለሁ።»

«ወረቀት አታምጪ» አሉኝ። «ሰዉን ያቃጠለው ወረቀት ነው። አንቺው ነይ።»

እመጣለሁ አልኳቸው። በእናቴ ስም ነው ያልኳቸው።

ያ ቅዳሜ ነሐሴ ውስጥ ነበር። ያን ሳምንት አገሩ ጭንቅ ላይ ነው። ጠዋት ስነሳ መንገዱ በድንጋይና በጎማ ተዘግቷል፣ የጎማው ጭስ እስከ ግቢያችን ይሸታል፣ ከሩቅ ተኩስ የሚመስል ነገር ተሰማ። ቡራዩ የምትኖረው እህቴ እንደምንም ስልክ ገብቶላት ደወለች። «እግርሽ ከበር እንዳይወጣ፣ እዚህም አንድ ነው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ኦቦ ስልክ የላቸውም። ጫማዬን አድርጌ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መንገዱ ዝግ ነው፣ ምን ላድርግ እያልኩ፣ እውነቱን ለመናገር ደረቴ ቀለል ብሎኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ መንገዱ ተከፈተ። የሚኒባስ ረዳት «ተፍኪ፣ ተፍኪ» ብሎ ሲጣራ ከቤቴ ሆኜ ሰማሁት። ብዙ ጊዜ ነው የተጣራው፤ ሰው ስላልነበረው ቆሞ ይጠብቃል። የምሄድበት መንገድ ነው። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ሦስት ሰዓት ሙሉ አለኝ።

ፈራሁ። ሌላ ስም የለውም። መንገድ ላይ ድንጋይ ይወረወርብኛል ብዬ ብቻ አይደለም። እዚያ ዋርካ ሥር፣ ያን ሁሉ የተቆጣ ሰው ፊት፣ ኦሮምኛ እንኳ አስተካክዬ ሳልናገር፣ ከከተማ መጥቼ፣ ችካሉ የእኔ ነው ብዬ መቆሙን ፈራሁ። አንቺ ነሽ እንዴ ብለው ቢይዙኝስ አልኩ። ጫማዬን አወለቅኩ። ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? ልብስ አጠብኩ። ንጹሑን ሁሉ አወጣሁና አጠብኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንሶላ እየጨመቅኩ ነበር፤ ሰዓቴን አይቼ መጭመቄን ቀጠልኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ አልኩ። ሳምንቱ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ሳምንት አልኩ። መሥሪያ ቤት ስጠየቅ አካባቢው አስጊ ነው አልኩ፤ አለቃዬ ደህንነትሽ ይቀድማል አለኝ፤ ሰው ሁሉ ልክ ነሽ አለኝ። እንዲያ ሲሉኝ ይበልጥ እቆጣ ነበር። ሥራ ቦታ ባክቴሪያውን አዲስ ምግብ ላይ ሳሸጋግር፣ ብልቃጡ ላይ ያለውን ቁጥር ስጽፍ፣ ሽማግሌው ከኋላዬ ቆመው የሚያዩኝ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴ ዞር ብዬ አይቻለሁ፤ ባዶ ክፍል ነው። ያ ባክቴሪያ ዛሬም አለ፤ በየጊዜው የማድሰው እኔ ነኝ። ኦቦ ግን የሉም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሞቱ፤ መሬታቸውም ተወስዶ ዛሬ መጋዘን ቆሞበታል። ቀብራቸው ላይ ጎረቤቶቹ ወጥተው እንደሆነ አላውቅም። የሚያውቅ ሰው አግኝቼ ነበር፣ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ያን ቅዳሜ ከቀረሁ ከወር በላይ አልፎ፣ መስከረም መገባደጃ ላይ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። ከአስፋልቱ እንደወረድኩ ማሳውን አየሁት። ገብሱ የለም። መሬቱ በከብት ኮቴ ተደብድቦ ጭቃ ሆኗል፣ ጥሩ የነበሩት ሁለቱ መደቦች ደግሞ እስከ ሥራቸው ተግጠዋል። እሸት ሊሆን ደርሶ እንደነበር ከወዳደቀው ጥቂት ዛላ ይታወቃል። ችካሎቹ አንድም አልቀረም። ሰው ጠልቷቸው ከብት ለቀቀባቸው ብዬ እያሰብኩ ወደ ቤታቸው ወጣሁ።

ኦቦ ደጃፍ ላይ ነበሩ። ንጹሕ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ጫማ አድርገው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ወዴት ሊሄዱ ይሆን አልኩ በልቤ። ከስተዋል። «አካም ጂርታ» ብለው ሰላም አሉኝ፤ ስለ እናቴ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ሚስታቸው እርጎ አቀረቡልኝ፤ ሳልቀምሰው አስቀመጥኩት።

«ኦቦ፣ ገብሱን ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አሉ። «የእኔንም የጎረቤቱንም ከብት ጠርቼ ለቀቅኩበት። የሰው ማሳ ቢጫ ሆኖ የእኔ ብቻ አምሮ ምን ያደርግልኛል? ያየው ሁሉ ሸጠ ነው የሚለው። ከብቶቹ ግን ደስ አላቸው፤ እርሾሽ ይጣፍጣል መሰለኝ።» ሊያስቁኝ ነው። እኔ እንባዬ መጣ። እንባዬን እስክጠርግ ጠበቁኝና ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ያን ቅዳሜ» አሉ፣ «መንገዱ ዝግ ነበር አይደል?»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸው ቁጣ የለበትም። በጥሞና ያዩኝ ነበር፣ የዘራውን ዘር ብቅለት እንደሚያይ ሰው። አፌን ስከፍት ምን እንደምል አውቅ ነበር።

«አዎ ኦቦ» አልኳቸው። «ቀኑን ሙሉ ዝግ ነበር።»

«እንዲያ ነው» አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ላይ ቀስ ብለው አውርደው አጠፉት፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ጫማቸውንም አወለቁ። ደህና ሁኚ ሲሉኝ እጄን ይዘው ቆዩ፤ እኔም ይቅር ያሉኝ መስሎኝ ቀለል አለኝ።

ሚስታቸው እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ክንዴን ያዙኝ።

«መንገዱ ክፍት ነበር» አሉኝ።

ሚኒባስ ይመጣ እንደሆነ ወደ መንገዱ ዞርኩ፤ እሳቸው ቀጠሉ።

«የዚያን ቀን ሲጠብቁሽ ቆይተው የት አለች ሲሉት ተነስቶ ማለ። መንገድ ተዘግቶባት ነው እንጂ ትመጣ ነበር፣ ካልሆነ ልጆቼን ይንሳኝ አለ። ገና ሳይቀመጥ የታችኛው ጎረቤታችን ደረሰ። ከሰበታ በታክሲ መምጣቱ ነው፤ የገዛው ሳሙና እንኳ በእጁ ነበር። የምን ዝግ መንገድ ነው፣ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ታክሲ ይሠራ የለም እንዴ አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ ባሌን አየው። ከብቱን የለቀቀው በነጋታው ነው።»

«ካወቁ ታዲያ ዛሬ ለምን ጠየቁኝ?» አልኩ።

«ከሩቅ ስትመጪ አይቶሽ ነው የለበሰው። ፈርቼ ነው የቀረሁት ካለችኝ ይዣት ጎረቤት ለጎረቤት እዞራለሁ አለኝ። ፈራሁ ብሎ በራሱ ላይ የሚናገር ሰው ስለ ችካሉም አይዋሽም፣ ያምኗታል አለኝ። ሁሉም ዛሬ ቤታቸው ናቸው።» ክንዴን ለቀቁኝ። «አንቺ ግን ዋሸሽው። የሚዋሽ ሰው ይዞ የት ይሄዳል?»

«ልመለስ» አልኳቸው። «ተመልሼ እውነቱን ልንገራቸው።»

«ተመለሺ» አሉኝ። መንገዱን ለቀው ዳር ቆሙልኝ።

ከተፍኪ በኩል ሚኒባስ መጣ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ሰበታ፣ አንድ ሰው፣ የመጨረሻ» አለ። ቀና ብዬ ወደ ቤታቸው አየሁ። ኦቦ ደጃፉ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ይህን ያህል ርቀት ላይ ሆነው ወደ እኛ ይዩ አይዩ መለየት አልቻልኩም። ረዳቱ «እህት፣ ትሄጃለሽ አትሄጂም?» አለኝ።

ገባሁ።